ጠዋት ሹፌር፣ ከሰዓት በኋላ በሽተኛ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ታሞ አያውቅም። እኔ አልደበቅኩም። ለሐኪም ተናገርኩ፤ ለመነጽር ቤት ተናገርኩ፤ እኔ ያልነገርኳቸውን ደግሞ ባለቤቴ ሰናይት በስልክ አዳረሰቻቸው። መድኃኒቱ አልመጣም። የመጣው ምክር ነው። እዚህ አገር ያለ ኢንሹራንስ የሚገኘው ብቸኛ ሕክምና ምክር ነው።

ይህን የምጽፈው ላጽናናችሁ አይደለም። ሕመም አስተማሪ ነው፣ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው የጠዋት ፀሐይን በአዲስ ዐይን ያያል የሚል ጽሑፍ ሞልቷል፤ የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ውስጥ በነጻ ይታደላል። ሌላ የሚነበብ ስለሌለ አንብቤዋለሁ። እኔ የያዝኩት አንድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እሱንም ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳ፤ ያለ እሱ በሽታው አይገባችሁም። በሥራ ቀናት ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ የፓርኪንግ አውቶቡሶችን አሰማራለሁ፤ ማለትም ከሰዓት በኋላ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በሬዲዮ ከሹፌሮች ጋር እጨቃጨቃለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን የቱሪንግ ካር ተወዳዳሪ ነኝ። ወገኖቼ ይህን ስነግራቸው «ቱሪስት ነው የምታመላልሰው?» ይሉኛል። ድሮ አስረዳ ነበር፤ አሁን አዎ እላለሁ። ቱሪንግ ካር ከውጭ ሲያዩት ጎረቤታችሁ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ባለ አራት በር መኪና ነው። ከውስጥ ግን ምንጣፉ፣ የኋላ ወንበሩ፣ ሬዲዮውና ማቀዝቀዣው ወጥቶ የብረት አጥር ተበይዶበታል። መንገድ የሚለቅላችሁ የለም፤ ፓራውልት ከፓራውልት እየተገፋፋ ነው የሚታለፈው። ደንብ የወጣለት ጠብ ነው። የወደድኩትም ለዚሁ ነው።

የጀመርኩት ሌሎች በሚተዉበት ዕድሜ፣ አርባ ሊሞላኝ ሲል ነው። ያን ጊዜ መካኒክ ነበርኩ። ዴል የሚባል የኮሎራዶ ተወላጅ፣ የአንድ ትንሽ ቡድን ባለቤት፣ መኪናውን እኛ ጋራዥ ያመጣ ነበር። አንድ ቀን ፍሬኑን ሠርቼ ትራኩ ላይ ስሞክረው ሰዓት ያዘብኝ፤ ከቀጠረው ሹፌር ፈጥኜ ተገኘሁ። ዴል ደግ ሰው አይደለም፤ ሰዓት ማንበብ የሚችል ሰው ነው። ወንበሩን ሰጠኝ። መስፍን የሚለውን ስሜን መጥራት ስላልፈለገ «ሜስ» ብሎ አሳጠረው፤ እኔም መኪናውን እያሰብኩ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከአውሮራ በስተምሥራቅ፣ ቤቱ አልቆ ነፋሱ በሚጀምርበት ሜዳ ላይ ባለው ትራክ ነው። ሻምፒዮን ሆኜ አላውቅም። ሦስተኛ ሆኛለሁ፤ ሁለተኛ ሆኛለሁ፤ አንድ ጊዜ ዝናብ ጥሎ ሌሎቹ ሲንሸራተቱ አንደኛ ሆኛለሁ። የታወቅኩት በመጨረሻዎቹ ዙሮች ነው። ወጣቶቹ ጎማቸውን እንደ ሰርግ ጠላ መጀመሪያ ላይ ይጨርሱታል። እኔ እቆጥባለሁ። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ጎማቸው መንሸራተት፣ ልባቸው መቸኮል ይጀምራል፤ ያኔ አንድ በአንድ እለቅማቸዋለሁ። ዴልም በሬዲዮ «ሽማግሌው መጣ» እያለ ይስቃል። ለሃምሳ ዓመት ሰው ከዚህ የበለጠ ሙገሳ አላውቅም።

በሽታው የመጣው ከሁሉ መርጦ ይህንን ሊወስድብኝ ነው።

በበጋው መጀመሪያ ላይ፣ በአንድ ሞቃት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከፊቴ ይሄድ የነበረው ሰማያዊ መኪና ሁለት ሆነ። ላብ መስሎኝ ዐይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። ሁለት ናቸው። ግራ ዐይኔን ስጨፍን አንድ ሆነ። በአንድ ዐይን የሚነዳ ሰው ርቀት አይለካም፤ ፍሬን የምይዝበትን ቦታ በግምት እያደረግኩ፣ ያለፍኳቸው ሁሉ መልሰው እያለፉኝ ጨረስኩ። ስወርድ አንገቴ ራሴን መሸከም አቃተው። ከበረዶ ሳጥኑ የውሃ ጠርሙስ አውጥቼ ፊቴ ላይ ሳደርግ ግን ዓለም ወደ አንድ ተመለሰች። ሙቀት ነው አልኩ።

በሚቀጥለውም ውድድር እንዲሁ ሆነ። ከዚያም በኋላ። ጠዋት በማጣሪያው ከሁሉ ፈጣን ከሆኑት ጋር እሰለፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከኋላ ካሉት ጋር እገባለሁ።

«ሜስ፣ ጠዋት አንበሳ ነህ» አለኝ ዴል። «ምሳ ላይ ማን ነው የሚበላህ?»

አጠገቡ የቆመው ተጠባባቂ ሹፌር ኮዲ ሳቀ። ኮዲ ጥርሱ የተስተካከለ፣ አባቱ ጎማ የሚገዛለት፣ የራሱን ሄልሜት በእጁ ይዞ የሚዞር ልጅ ነው። ሄልሜት ይዞ መዞር ምን ማለት እንደሆነ የገባችሁ ይገባችኋል።

ሐኪም ቤት መመላለስ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ክሊኒክ ያለችው ልጅ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና አለርጂ ነው አለች፤ ኮሎራዶ ደረቅ ነው፤ ጠብታ። ለብዙ ዓመታት የኖርኩበት አገር ደረቅ መሆኑን ስለነገረችኝ አመስግኜ ወጣሁ። ቶርንተን ያለው መነጽር ቤት ዕድሜ ነው አለኝና ላዩ ለሩቅ፣ ታቹ ለቅርብ የሆነ መነጽር ሸጠልኝ። አሁን ሁለቱንም መኪኖች ጥርት አድርጌ አያቸው ጀመር። ሴንትራል ፓርክ ያለው የቤተሰብ ሐኪማችን ደግሞ ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ፣ ድምፁን ለቀብር እንደሚደረገው ዝቅ አድርጎ፣

«ቤት ውስጥ ሰላም ነው? ያዝናሉ?» አለኝ።

«ሁለት ሁለት አያለሁ ነው ያልኩት።»

«አዎ። ግን ያዝናሉ?»

«አሁን እያዘንኩ ነው።»

ጭንቀት ብሎ ጻፈ። ተራራ የተሳለበት ወረቀት ሰጠኝ፤ በጥልቀት ተንፍስ ይላል።

ልብ በሉ፤ ሥራዬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አፖይንትመንቴ ሁሉ ጠዋት ነው። በሽታዬም የሚሠራው ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስቱም ሐኪሞች ያዩት ሌሊቱን ያረፈ፣ ዐይኑ የተከፈተ፣ ነገረኛ ጤነኛ ሰው ነው። «ከሰዓት መጥቼ ይዩኝ» ብላቸው የሚቀጥለው የከሰዓት ቀጠሮ ውድድሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው አሉኝ። የታመምኩበትን ሰዓት ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ማስማማት ነበረብኝ መሰለኝ።

ማኅበረሰቡ ከሐኪሞቹ ፈጥኖ ውሳኔ ላይ ደረሰ። ዐይን ነው። ሄልሜት አድርጌ፣ መኪናው ላይ ተደግፌ የተነሳሁትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፌአለሁ፤ ሰው አይቶታል፤ በላኝ። «ምን አስለጠፈህ?» አሉኝ ያንኑ ፎቶ የወደዱት ሰዎች።

በዚህ መሐል የሰናይት እናት፣ እማማ ዘነበች፣ ከአዲስ አበባ መጡ። ሁለት ሻንጣ ይዘዋል። አንዱ የሁላችሁም እናት ሻንጣ ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ለማን እንደሆነ የማይታወቅ ነጠላ። የሁለተኛው ግማሹ ፋርማሲ ነው። አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮ፣ የወገብ ቅባት፣ የሆድ፣ የራስ፣ «ለክፉ ቀን» የተባለ ስሙ የተፋቀ ነገርም ነበር። አሜሪካ መድኃኒት የማይገኝበት በረሃ ነው ብለው ያምናሉ፤ በቀጠሮ አሠራራችን ከሄድን አልተሳሳቱም።

እኔንም ባዩኝ በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ስገባ የግራ ዐይኔ ቆብ ወርዶ ግማሹን ሸፍኖት ነበር። ፍሪጅ ከፍተው በፕላስቲክ ጠርሙስ ያስቀመጡትን ጸበል አወጡና ሳያስጠነቅቁ ፊቴ ላይ ረጩት። የዐይኔ ቆብ ተነሳ። በዐይናችን እያየን ተነሳ።

«እልልልል!» አሉ።

«እማማ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው ያስደነገጠኝ።»

«ዝም በል አንተ! ሲከፈትልህም ትከራከራለህ?»

ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ወረደ። እሳቸው እምነቴ በማነሱ ነው አሉ፤ እኔ ደግሞ በአጋጣሚ ነው አልኩ። ሁለታችንም የበሽታውን ስም እጃችን ላይ ይዘን እንደጣልነው ያወቅነው በኋላ ነው።

በበጋው መጨረሻ ድምፄ ተለወጠ። ማታ ማታ በአፍንጫዬ አወራለሁ። ሥራ ላይ በሬዲዮ የሚሰሙኝ ሹፌሮች ጠጥቷል ማለት ጀመሩ። እዚህ የተወለደችው ልጄ ልድያ እራት ላይ ቀና ብላ «ዳድ፣ ሲሪየስሊ፣ የሰከረ ሰው ነው የምትመስለው» አለችኝ። ውሃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ይመለሳል። ሥጋ ሳኝክ መንጋጋዬ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፤ በእጄ ደግፌ አስጨርሰዋለሁ።

እማማ ዘነበች ጉሮሮዬን በስልክ መብራት አዩና «ቶንሲል ነው» አሉ። አሞክሳሲሊን አስጀመሩኝ። አልሠራም። «እንግዲያው ሲፕሮ ነው የሚያነሳው» አሉ።

ሰናይት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ነርስ ናት። እዚያ ለአንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የራስ ምታት ክኒን አትሰጥም። ቤቷ ስትገባ ግን የእናቷ ረዳት ነርስ ናት። ውሃውን ያመጣችልኝ እሷ ናት። እኔም ዋጥኩ። ሦስት ሐኪም ጠብታ፣ መነጽርና ተራራ ሰጥተውኛል፤ ቢያንስ እኚህ ሴት የሚዋጥ ነገር ሰጡኝ።

ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ በየቀኑ ቁልቁል ወረድኩ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ራሴ ወደ ደረቴ ወደቀ፤ ማንሳት አልቻልኩም። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ትንፋሼ አጠረ፤ የውድድር ቀበቶ ደረቴ ላይ አጥብቀው አስረውብኝ የሚፈቱልኝ ሰዎች ጥለውኝ የሄዱ ይመስል ነበር። ሰናይት መኪና ውስጥ አስገብታኝ ኢመርጀንሲ ወሰደችኝ። እንዴት እንደምትነዳ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከኮዲ ትሻላለች።

የመጠበቂያ ክፍሉን ልንገራችሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ቤት አፍርሰው የሚሠሩ ባልና ሚስት ያሳያል። ጣቴ ላይ ቆንጥጠው ኦክስጅን ለኩኝ፤ ደኅና ነው አሉ፤ ተቀመጥ። አገጬን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ እጁን በጨርቅ የጠቀለለ የጣሪያ ሠራተኛ ነበር፤ ደሙ ይታያል። አየኝ፣ አየኝና ጃኬቱን ባልቆሰለው እጁ አውልቆ ጠቅልሎ አንገቴ ሥር ወተፈልኝ። አንድ ቃል አልተናገረም። ቋንቋውንም አላውቀውም። በዚያ በጋ ምክር ሳይሰጥ የረዳኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ሲጠሩኝ ስትሮክ ነው ብለው ጭንቅላቴን በማሽን ፎቶ አነሱ፤ ንጹሕ ነው። ወጣቱ ሐኪም «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለ።

«የለም» አልኩ በአፍንጫዬ።

«ምንም አይወስድም» አለች ሰናይት።

አልዋሸንም። ለእኛ መድኃኒት ማለት ሐኪም ያዘዘው ነው። ከሻንጣ የወጣው እንደ በርበሬው የቤት ዕቃ ነው፤ ለሐኪም በርበሬ በልቻለሁ ብሎ የሚናገር አለ?

ይህን ተባብለን ብዙም ሳንቆይ እማማ ዘነበች ከልድያ ጋር ደረሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሐኪሙን በጨዋ ደንብ እጅ ነሱት፤ ከቦርሳቸው ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለች ክኒን አወጡ።

«ክፈት አፍህን፤ ሰዓቱ ደርሷል።»

«እማዬ፣ አሁን አይሆንም!» አለች ሰናይት።

«እንዴት አይሆንም? አንቲባዮቲክ ይቋረጣል እንዴ? አንቺ ራስሽ አይደለሽም የምትዪው?»

ሐኪሙ እጁን ዘረጋ። ክኒኗን አገላብጦ አየ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ልድያ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ፊቱ ተለወጠ። ከክፍሉ ወጣ፤ ሲመለስ አንዲት አጭር፣ ሽበቷን ያልቀባች የነርቭ ሐኪም ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ስለ ሐዘኔ አልጠየቀችኝም። ጣቷን ሽቅብ አንስታ «ይህን ይዩ፤ እንዳይለቁት» አለች። የዐይኔ ቆብ ቀስ እያለ እንደ ሱቅ በር ወረደ። ከዚያ የላስቲክ ጓንት ውስጥ በረዶ ሞልታ አስራ ዐይኔ ላይ አስቀመጠችው፤ ትንሽ ጠበቀችና አነሳችው። ዐይኔ ተከፍቶ ነበር።

እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ጸበሉ!» አሉ።

«ምን አሉ?» አለች ሐኪሟ።

«ከእርስዎ ቀድመው አግኝተውት ነበር እያሉ ነው» አልኩ።

የበሽታው ስም ማያስቴኒያ ግራቪስ ነው። ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ ትእዛዙ የሚያልፍበት በር አለ፤ የሰውነት መከላከያ፣ ጠላት መስሎት፣ በሩን እየጠረቀመ ይዘጋዋል። ስታርፍ ትእዛዙ ያልፋል፤ ስትደጋግም ይቆማል። ለዚህ ነው ጠዋት ሰው፣ ማታ ጨርቅ የምሆነው። ሙቀት ያባብሰዋል፤ ቅዝቃዜ ለጥቂት ጊዜ ያነሳዋል። ሲፕሮ ደግሞ፣ ሌሎችም አንዳንድ አንቲባዮቲኮች እንዲሁ፣ ይህ በሽታ ያለበትን ሰው ጡንቻ ይባስ ያደክማሉ፤ የመተንፈሻውንም ጭምር። ማስጠንቀቂያው ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የእኛ ክኒን ካርቶን አልነበራትም፤ በሶፍት ነው የመጣችው።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያዬ ይህ ነው። ሐኪም የምትወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ሲላችሁ ሻንጣውንም ነው የሚጠይቃችሁ። ፍሪጁን፣ የአክስታችሁን ቦርሳ፣ ከጎረቤት የተረፈውን ሁሉ ተናገሩ። ተረቱ ልክ ነበር ማለት ነው፤ እኔን ያጠቃኝ ሳላውቅ የደበቅኩት ነው። ለተረት መሸነፍ አልወድም፤ ግን ተሸነፍኩ።

ጭንብል አድርገው በማሽን አስተነፈሱኝ፤ ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራ ፈሳሽ በክንዴ ሰጡኝ። በሌሊት ፈራሁ። ብዙ አልጽፍበትም። እንቅልፍ የወሰደኝ እንደሆነ ደረቴ ሥራውን ይረሳል ብዬ ጣራውን ሳይ አነጋ ነበር፤ ጭንብሉ ውስጥ ሆኖ መሳደብ ስለማይቻል ፍርሃቱ መውጫ አጣ።

ዴል ሊጠይቀኝ መጣ። የቡድኑን ኮፍያ ይዞ ነው የመጣው፤ ያለኝን ኮፍያ።

«ወንበሩን አታስብ። ኮዲ ያሞቅልሃል» አለ።

ወንበሩ በእኔ ወገብ ልክ የተቀረጸ ነው። ወንበር የሚያሞቅ ሰው ወንበሩን የሚወስድ ሰው ነው። ይህን ልመልስለት ፈልጌ በጭንብሉ ውስጥ ፉጨት ብቻ ወጣ። እሱም ምስጋና መሰለው፤ እግሬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

እማማ ዘነበች ከዚያ ቀን ወዲህ መድኃኒት ማዘዝ ተዉ። ቤት ስመለስ ሁለተኛውን ሻንጣ ባዶውን አልጋ ሥር አየሁት። አንድ ቀን ጠዋት ብቻችንን ስንሆን መጥተው እግርጌ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ የገደልኩህ?»

«በከፊል።»

«በከፊል ማለት ምንድን ነው?»

«ሲፕሮውን ሰጡኝ፤ ገደሉኝ። ሆስፒታል ድረስ ይዘውት መጡ፤ አዳኑኝ። ሐኪሞቹ ግማሹን እንኳ አልሠሩም።»

«ክፉ ነህ» አሉ። ከዚያ የክኒኖቼን ሰዓት የሚጠብቁ እሳቸው ሆኑ፤ አሁን ግን የእያንዳንዷን ክኒን ስም ከነምክንያቷ ካልነገርኳቸው አይሰጡኝም።

ክኒኖቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ ለጥቂት ሰዓት በሩን የሚከፍት፣ ሆድ የሚያላውስ። ሌላው ስቴሮይድ ነው፤ መከላከያውን ያበርዳል፤ ፊት ያሳብጣል፤ ያስቆጣልም ይባላል። ሰናይት ቁጣው ላይ ለውጥ አላየሁም ብላለች። ፊቴ እንደ ድፎ ሲነፋ ሊጠይቁኝ የመጡ ወገኖች ደስ አላቸው። «ወፈርክ! ተሻለህ!» አሉኝ። ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ መከራከር አልቻልኩም፤ ለእነሱ ትልቅ ዕድል ነበር።

በክረምቱ ከደረቴ አጥንት ኋላ ታይመስ የሚባል እጢ አወጡልኝ፤ ጠቡን የሚያቀጣጥለው እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ቁስሌ ሲጠግግ፣ አንገቴ ሲመለስ፣ ድምፄ ከአፍንጫዬ ወደ አፌ ሲወርድ ጸደይ ገባ። የነርቭ ሐኪሟ መንዳት እንድጀምር ፈቀደች፤ ውድድርን በተመለከተ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት የትራኩ ሐኪም ዐይኔን ታያለች፤ ከወረደ አልነዳም።

«ይህን ለቡድኑ ባለቤት ይነግሩታል?» አለችኝ።

«ለዴል ዐይን ምንም አይደለም፤ ሰዓት ነው የሚያየው።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ውድድር ነበር፤ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ። ሰናይት ማየት አልፈልግም ብላ ሥራ ገባች። እማማ ዘነበች ግን ክኒኑን ማን ይሰጠዋል ብለው አብረውኝ መጥተው የበረዶ ሳጥኑ ላይ ትራስ አድርገው ተቀመጡ። ያ ሁሉ የሞተር ጩኸት አላስደነገጣቸውም፤ «ሰው ሁሉ ሲቸኩል የት ሊደርስ ነው? ዞሮ እዚሁ ነው» ብቻ አሉ።

የጠዋቱን የሐኪም ምርመራ አለፍኩ። ወንበሩ ውስጥ ስገባ የኮዲ ወገብ ትቶት የሄደው ነገር ያለ ይመስል ተቆነጠጥኩ፤ ሁለት ዙር ካደረግኩ በኋላ ወንበሩ ማን እንደሆንኩ አስታወሰ። ጎማዬን ቆጠብኩ። ሊያልቅ ሲል ሦስት መኪና ለቀምኩ፤ አንዱን ፓራፋንጎውን ሳም አድርጌ ነው። አራተኛ ወጣሁ። ሬዲዮው ውስጥ ዴል «ሽማግሌው መጣ!» ብሎ ጮኸ። ከሆስፒታል ጀምሮ ያልወረደ እንባ ሄልሜት ውስጥ ወረደ፤ ላብ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፣ አርታኢዬ አላመነኝም።

ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ከረረ። አስፋልቱ ይንቀለቀል ጀመር። መኪናችንን ካመጣንበት ተሳቢ ኋላ ሆኜ በመስታወት አየሁ፤ የግራ ዐይኔ ቆብ መንገድ ጀምሯል። የትራኩ ሐኪም ከሌሎቹ መኪኖች ጀምራ እየመጣች ነው። እማማ ዘነበችን ከሳጥኑ ላይ አስነሥቼ በረዶ በፎጣ ጠቀለልኩና ዐይኔ ላይ አደረግኩ። ጣቷን እስክታነሳ፣ እስክታወርድ ድረስ ይበቃል። የሚይዘኝ የለም። ኮዲ ከወዲያ ሄልሜቱን ይዞ ይንጎራደዳል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ እማማ ዘነበች።

«ዐይኔን እያቀዘቀዝኩ።»

«ሐኪም አዝዞህ ነው?»

«አይ።»

«ለስንት ጊዜ ነው የሚይዘው?»

«ሴትዮዋን እስካልፍ።»

«መኪናው ውስጥስ?»

ፎጣውን ዐይኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ታዲያ ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ኩል?»

ፎጣውን ከዐይኔ ላይ አወረድኩ። ታማኝ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፤ በዚያ ፍጥነት ሁለት ግድግዳ ሲመጣብኝ እውነተኛው የቱ እንደሆነ ለመገመት ስላልፈለግኩ ነው። ከሁለቱ መኪኖችም በአንዱ ውስጥ የሰው ልጅ አለ። ፎጣውን ለእማማ ዘነበች ሰጥቼ፣ ዐይኔ እንደወረደ፣ ዴል ጋ ሄድኩ።

«ኮዲን አልብሰው።»

ዴል ዐይኔን ሳይሆን ሰዓቱን አየ። «አሁን? ጠዋት አራተኛ የወጣህ ሰውዬ? ገና ሐኪሟ ሳታይህ?»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

«ግማሽ ሹፌር ምን ይሠራልኛል፣ ሜስ?»

«ሙሉ መኪና ያተርፍልሃል።»

ተሳደበ። ጎማውን በእርግጫ መታ። ኮዲ ግን ከኔ ቃል ቀድሞ ሄልሜቱን አጥልቆ ነበር።

ውድድሩን አጥሩ ላይ ተደግፌ፣ መነጽር ሳላደርግ፣ አንድ ዐይኔ በይፋ ተዘግቶ አየሁት። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ኮዲ ጎማ ነበረው። ቆጥቧል። ያን ከማን እንደተማረው አውቃለሁ፤ አልወደድኩትም። ሦስተኛ ወጥቶ ዋንጫ ወሰደ።

ዴል እየተጎተተ መጣ። እያናገረኝ ያለው ጎማውን እያየ ነው።

«ነገ ጠዋት ትነዳለህ?»

«ጠዋት የእኔ ነው።»

«ከሰዓት ኮዲ ነው።»

«ከሰዓት የእሱ ነው።»

ሄደ። እማማ ዘነበች እጅጌዬን ያዙኝ። «ምን አለህ?»

«ጠዋቱን ለእኔ ሰጠኝ። ከሰዓት በኋላውን ለዚያ ልጅ።»

መድረኩ ላይ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ፎቶ የሚነሳውን ኮዲን ረጋ ብለው አዩት። ከፎጣው ውስጥ የቀረውን በረዶ አራግፈው ውሃቸው ውስጥ ጨመሩና አንድ ጊዜ ተጎነጩለት።

«ይሁና» አሉ። «ለእሱም ይመሻል።»